ጣሪያዋ የሚገለጥ ፔዦ

ሰኔ 5 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ዛሬ ጓደኛዬ ነስሮ ቤት በርጫ ላይ፣ ጫት ስንቅም፣ መኪና ገዛሁ። መኪናዋን በቅርብ አላየኋትም፤ ባለቤቷም እንደሸጡልኝ አያውቁም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምርቃናው ሲመጣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሀብታም ሆንን። ነስሮ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ሠራ። ሌላው ለሶፊ ወረዳ ገበሬ ሁሉ የውሃ ፓምፕ አደለ። የበርጫ ዕቅድ በነጋታው እንደማይጠየቅ ሐረር ውስጥ የማያውቅ የለም። ማንም ማንንም "ሆቴሉ የት ደረሰ?" ብሎ አያሳፍርም፤ ወሬው ከገራባው፣ ከጫቱ ትራፊ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

እኔ የአቶ ኪዳነወልድን መኪና እገዛለሁ አልኩ። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተሸፍና የቆመችውን፣ ጣሪያዋ የሚገለጠውን ሰማያዊ ፔዦ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን እጄን ዘርግቼ "ፋቲሃ አድርጉልኝ" አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ።

"ሪድዋን፣ አቦ፣ ቀስ በል" አለኝ ነስሮ። "ይሄ ጨዋታ አይደለም።"

እጄን አላወረድኩም። ሁሉም እየቀፈፈው እጁን ዘረጋ፤ የቁርዓኑ መክፈቻ፣ ፋቲሃ ተቀራ፤ አሚን ተባለ። ፋቲሃ ከተቀራበት በኋላ ነገሩ የበርጫ ወሬ መሆኑ ያበቃል። አሁን ምርቃናው ወርዷል፤ ፋቲሃው ግን እንዳለ ነው።

ለሚስቴ ለሙና አልነገርኳትም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስንወጣ ሦስት ሰው "መብሩክ" አለኝ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ደግሞ ቀለሟን ጠየቀኝ።

ምክንያቴን እዚህ ላስቀምጠው። ለሥራ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት አጎንብሼ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ዓይኔ መርፌ ቀዳዳ ላይ እምቢ ማለት ጀምሯል። ሙሽሮች በክፍት መኪና መዞር ይወዳሉ። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት የታክሲ ፔዦ ነድቻለሁ፣ መንጃ ፈቃዴንም ሳላሳድስ ቀርቼ አላውቅም። ስለዚህ ለሰርግ ነው። ከሙና ጋር አይገናኝም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ልጃችን ዋፊቃ ከድሬዳዋ ደወለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። ሐኪሟ "እስክትገላገይ ድረስ የሐረርን ዳገት እንዳትወጪ" ብሏታል። በእኛ ቤት ወግ ደግሞ በመጀመሪያ ልጅ አራሷን የምታርሳት እናቷ ናት።

"እንግዲያው እማ ትመጣልኛለች" አለች ዋፊቃ።

ሙና "ኢንሻአላህ ልጄ" አለችና ስልኩን እጄ ላይ ትታ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ይህ ደብተር አዲስ ስለሆነ ያለፈውንም ልጻፍበት። በ2011 ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የተሳፈርንበት ሚኒባስ በጎኑ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ሙና ግን የኋላው ጥግ ላይ ተጣብቃ፣ መስተዋት ተሰብሮ እስክትወጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ አልገባችም። ባጃጅ እንኳ ስትሞክር ደረቷን ይዛ ትወርዳለች። ገበያውም ለቅሶውም በእግሯ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በእግሯ ከምትደርስበት አልፋ አልሄደችም።

ባለፈው ረቡዕ፣ ከበርጫው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሙና ለአራሷ ድሬዳዋ እንዴት እንደምትደርስ ስናወራ ነስሮ "በጫት አይሱዙ ከላይ ጫናትና ውሰዳት፣ ክፍት አይደል?" ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ንድድ አለኝ። ሚስቴ ጭነት አይደለችም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

አቶ ኪዳነወልድ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

"መኪናዬን ገዛህ አሉ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ፋቲሃ ተቀርቶበት ነው።"

"እኔ ሳልኖር?" ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። "በል እንግዲህ፣ ንብረትህን እይ።"

መሸፈኛዋን ገለጡልኝ። ጎማዎቿ ተኝተዋል፤ ወንበሯን አይጥ ጨርሶታል፤ ከጣሪያዋ የቀረው የዛገ ሽቦና ጥቂት ብጥስጣሽ ነው። በሩን ከፍቼ ስዘጋው ግን ቀጭ ብሎ ገባ። ወደድኳት፤ ምን እደብቃለሁ።

"ለምን ፈለግካት?"

"ለሰርግ።"

መሸፈኛውን መልሰው መጎተት ጀመሩ። "ለሰርግ ብሎ ያልለመነኝ የለም። ሮማነወርቅ ካረፈች ወዲህ ሰው አልተቀመጠባትም። ለጭፈራ አልሰጥም።"

ሮማነወርቅ ባለቤታቸው ነበሩ። ከዚያ ሌላ ነገር ነገርኳቸው። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም። ድምፄ ስለተበላሸ መሬት መሬት እያየሁ ጨረስኩ። አቶ ኪዳነወልድ መሸፈኛውን ለቀቁት፤ ገብተው ቁልፉን ይዘው መጡ። የጠሩልኝ ዋጋ የመኪና ዋጋ አልነበረም፤ ለወጉ ያህል ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ታደርግልኛለህ" አሉኝ። "እሷ የተቀመጠች ዕለት በደጄ በኩል አሳልፋት።"

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ለሙና ነገርኳት። "ለሥራ ነው" አልኳት።

"ጣሪያ የላትም?"

"አላት፤ ግን ይገለጣል።"

"እህ" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እኔም ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

እንደሻው የሐረርን የድሮ ፔዦ ታክሲዎች እየፈታ ሲገጥም ያረጀ ሜካኒክ ነው። ዛሬ ከሥሯ ተኝቶ ዋለ።

"ጋሽ ሪድዋን፣ ሞተሯ ከታክሲዎቹ ጋር አንድ ነው፤ ዕቃ አላጣላትም። ጣሪያውን ግን እኔ አላውቅበትም።"

"ጣሪያውን ለእኔ ተወው" አልኩት። ይህን ስል ደረቴ ሰፋ። ለመሆኑ ሐረር ውስጥ ከእኔ በላይ ለመኪና ልብስ የሚሰፋ ማን አለ?

"ፍሬኑስ?" አልኩት።

"ጀጎልን ለምትዞር የሰርግ መኪና ይበቃታል።"

"ለደንገጎ የሚሆን ፍሬን ሥራልኝ።"

"ደንገጎ ላይ ምን ሰርግ አለ?" አለኝ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ተነሳች። መጀመሪያ አሳለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ድምፇ ተስተካከለ። እንደሻው እጁን ሳይጠርግ አቀፈኝ፤ ሸሚዜ አለቀለት። ምንም አይደል፣ ሌላ እሰፋለሁ።

ነስሮ ሱቁ በር ላይ ሆኖ "ዝናቡ ሲመጣ በጃንጥላ ልትነዳት ነው?" አለ። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ፍሬኑ ገና ነው። ለእንደሻው ዛሬም ሦስት ጊዜ ነገርኩት።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ጣሪያው አለቀ። ጊደር መጋላ ገበያ ዞሬ ወፍራም የድንኳን ሸራ መረጥኩ። መኪናዋን እንደ ሙሽራ በሜትር ለካኋት፤ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ አንገቷን። ድርብ ስፌት ሰፋሁት፤ ከውስጥ አረንጓዴ ገበር አገባሁለት። ማዕዘኖቹ ላይ አንዲት ሽብሽብ የለችም። ሲዘጋ በጥፍር እንኳ የሚገባበት ቀዳዳ አይገኝም። ነስሮ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ በጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ሄደና "ወላሂ፣ ይሄስ ሥራ ነው" አለ። ከነስሮ አፍ ይህን ለመስማት ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ዋፊቃ ደውላ እናቷን ጠየቀች። ሙና "እየሞከርን ነው" አለቻት። "እየሞከርን" ነው ያለችው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

አበላሸሁት።

ሙና ለመጀመሪያ ጊዜ "እስቲ ልያት" ብላ ፈረስ መጋላ ድረስ በእግሯ መጣች። ያካፋ ነበር። ሰዎች ጣሪያውን እያደነቁ ስለነበር ዘግቼው ቆምኩ። ክፍት አድርጌ ልጠብቃት ነበር ያሰብኩት፤ ማሰብ ብቻ። በሩን ከፍቼላት "ግቢ፣ ገበሩን እዪው" አልኳት።

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ከንፈሯ ነጣ። ሻሿን አጥብቃ ይዛ ዞር አለችና ወደመጣችበት ሄደች። አልሮጠችም፤ ግን ተከትዬ ልደርስባት አልቻልኩም። አንዱ ከኋላዬ "ድሮስ" ሲል ሰማሁ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጥበቤን ላሳይ ብዬ ነው። ሌላ ሰበብ የለውም። ሚስቴ ስድስት ዓመት የምትሸሸውን ሳጥን በገዛ እጄ፣ በድርብ ስፌት፣ ቀዳዳ ሳላስቀር ሰፋሁላትና በሩን ከፍቼ ግቢ አልኳት።

ሥራ ነው፣ ሰርግ ነው እያልኩ ስጽፍ የከረምኩትንም አሁን ሳነበው አፈርኩ። ለእሷ ነው የገዛኋት። ፋቲሃውን ያስቀራሁትም ፈርቼ እንዳልመለስ ነው።

ሌላም አለ። ያን ዕለት ሁለት ሚኒባስ ነበር። ሙና የሞላው ይሂድ፣ ሁለተኛውን እንጠብቅ ብላ ነበር። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ሲገለበጥ ደግሞ በተሰበረው መስኮት ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ውስጥ ቀርታ እኔ አስፋልት ላይ ቆሜ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማታ ራት ላይ ሙና ራሷ አነሳችው።

"ጣሪያው ሲዘጋ ከውስጥ የሚከፍተው ማነው?"

"እኔ፣ ከመሪው በኩል።"

"እንግዲያው የአንተ ጣሪያ ነው" አለች። ሳህኑን አንስታ ሄደች።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ጣሪያውን ነቅዬ ሱቅ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ዛሬ ሐረር በር አጠገብ፣ ቆማ፣ ሞተሯ ሳይነሳ፣ ሙና ተቀመጠችባት። ጫማዋን አወለቀች። ሰማዩን አየች። "በሩን አትዝጋው" አለች፣ አልዘጋሁትም። ትንሽ ቆይታ ራሷ ዘጋችው። ቀጭ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ሁለት ሞኞች በቆመች መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ሐኪም ጋራ ተራራ ላይ ወጣን! እኔና ሙና፣ በመኪና።

በቀስታ ነዳሁ፣ አህዮች ቀደሙን። መጀመሪያ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር አንዱን ለቀቀች። ላይ ስንደርስ ጀጎል በሙሉ ከሥራችን ታየ። "ቤታችን የቱ ነው?" አለችኝ። ስድስት ዓመት ከዚያ ቤት ስላልራቀች ከሩቅ አላየችውም።

ስንመለስ በአቶ ኪዳነወልድ በር በኩል አለፍን። ጥሩንባውን ነካሁት። በዘንግ ተደግፈው ወጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክንታጠፍ ድረስ ቆሙ። ሙና "ምነው ያለቅሳሉ?" አለች። "ፀሐዩ ይሆናል" አልኳት። ደመና ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ጣሪያውን ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። የፊት ዘለበቶቹ በሙሉ በአንድ ጠፍር ታስረዋል፤ ጠፍሩ በእሷ በኩል፣ ከበሩ በላይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ስትስበው ዘለበቶቹ ባንድነት ይለቃሉ፣ ሸራው ወደ ኋላ ይወድቃል። ቤት ወስጄ ወንበር ላይ አስሬ አሳየኋት። ሳበችው። ተፈታ። አሰርኩት። ሳበችው። አሥራ አንድ ጊዜ ሳበችውና "በቃ" አለች።

እንደሻው ፍሬኑን ጨረሰ። "አሁን ደንገጎ ሂድበት" አለኝ። ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ንጋት። የዋፊቃ ባል ፈይሰል ደወለ። ምጥ ጀምሯታል።

ሙና ቀድማኝ ተነስታ ለብሳለች። ማር፣ ቅቤ፣ አጥሚት፣ ፎጣ ጭነናል። ጣሪያው ከኋላ ታጥፏል። ሰማዩ ከብዷል።

ፍሬኑን ደግሜ አየሁ። ቢስሚላህ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ፣ ድሬዳዋ

ወንድ ነው። አልሐምዱሊላህ። ዋፊቃ ደህና ናት። ሙና አጠገቧ ተኝታለች፤ እኔ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዤ እጽፋለሁ።

ሐማሬሳን አልፈን አወዳይ ስንገባ ገበያው ደምቆ ነበር። የጫት ሻጮቹ ሴቶች ጣሪያ የሌላት መኪና ውስጥ በቅቤና በማር መሐል የተቀመጠች ሴት ሲያዩ እልል አሉ። አንዷ አንድ እስር ጫት ወርውራ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። ሙና "መኪናዋ ክፍት መሆኗ ለአንተም ጠቀመህ" አለች። ቀለደች! ሐረማያ ላይ ትንሽ አካፋብን፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተተች። ወደታጠፈው ጣሪያ ዞራ ጠፍሩን አየችው እንጂ አልነካችውም።

ደንገጎ አናት ላይ "አቁም" አለችኝ። ጠርዝ ይዤ አቆምኩ። ቦታው ያ ነው። ታች ድሬ በሙቀቱ ውስጥ ይታያል። ስድስት ዓመት የደበቅኩት እዚያ ወጣ።

"ሙና፣ ያን ዕለት ቀድሜሽ ወጣሁ። ትቼሽ ወጣሁ።"

ዞር ብላ አየችኝ። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ግራ ነበር የገባት።

"አንተ ሰውዬ፣ የገፋሁህ እኮ እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"በሁለት እግሬ ነው የገፋሁህ። ደረቴ ላይ ወድቀህ መተንፈሻ ነስተኸኝ ነበር። ውጣና ሰው ጥራ አልኩህ። ወጣህ፣ ጠራህ፣ የኋላውን መስተዋት በእጅህ ሰበርክ። እጅህን እኮ ተሰፍተሃል።"

እጄን አየሁት። ጠባሳው አለ። ስድስት ዓመት በዚያ እጅ ልብስ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ከየት እንደመጣ አላሰብኩም፤ ያስታወስኩት አስፋልቱ ላይ መቆሜን ብቻ ነው። አለቀስኩ። እሷ ደግሞ ሳቀች፤ ሳቋን እንዲህ ከፍ ብሎ ከሰማሁ ዘመን አልፏል።

"በል ንዳ፣ ልጄ እያማጠች ነው" አለችኝ።

ፍሬኑ እስከ ታች ያዘ። እንደሻው ይባረክ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ፣ ቤት

ሐኪሙ ዳገቱን መውጣት ትችያለሽ ስላላት ዋፊቃን ከነልጇ አመጣናት። ከአርባው ቀን የቀረውን እናቷ ቤት ትታረሳለች። እሷ ከኋላ በትራስ ተደግፋ፣ ሙና ከፊት ሕፃኑን ታቅፋ። ፈይሰል ዕቃውን ይዞ በሚኒባስ ቀደመን።

ደንገጎን በፀሐይ ወጣን። ሐረማያን እንዳለፍን ግን ከፊታችን ጥቁር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትልልቅ ነበሩ። አንዱ ሕፃኑ ግንባር ላይ አረፈ፣ ልጁ ጮኸ። እኔ መሪውን ይዤ የትኛው ዛፍ ሥር እንደምንጠጋ አማትር ጀመር። ጣሪያውን አላነሳሁም። አላነሳውም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

"አቁም" አለች ሙና።

አቆምኩ። ሕፃኑን ለዋፊቃ አቀበለች። ወረደች። በዝናቡ ውስጥ ወደ ኋላ ዞራ ሸራውን በሁለት እጇ አነሳችና ጎተተችው፤ ልረዳት ስነሳ "ተቀመጥ" አለችኝ። ዘለበቶቹን ራሷ አሰረች። ገባች፤ በሩን ዘጋች። ልጁን ተቀበለች። ጠፍሩን በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመች።

"ሂድ" አለች።

ዝናቡ ሸራው ላይ ወረደ። ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ፈጣን ነበር። ዋፊቃ ከኋላ ቁርዓን ትቀራ ጀመር። አወዳይ ላይ የሙና ትንፋሽ ረጋ። ሐማሬሳ ላይ ልጁ ተኛ። ጠፍሩን አንድም ጊዜ አልሳበችውም። ሐረር በር ልንደርስ ስንል ቀና ብላ ገበሩን አየች፤ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን ወደ አፍንጫዬ አቅርባ አሳየችኝ።

"ያፈሳል" አለች።

"የት?"

"እዚህ፣ ስፌቱ ላይ። ልጁን ሊነካው ምንም አልቀረው። ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ ትላለህ።"

ፈረስ መጋላ ነስሮ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አየን፤ ዋፊቃን፣ ሕፃኑን፣ ሙናን። ከዚያ የተዘጋውን ጣሪያ አየ። "ይሄን ሁሉ ተሟሙተህ ክፍት መኪና ገዝተህ፣ ዘግተሃት መጣህ?" አለኝ። ሳቄን ለቀቅኩት።

ጀጎል ውስጥ መንገዱ ስለሚጠብ ከዚያ በእግር ገባን። ዋፊቃ ተኝታለች። ሙና ልጁን አጥባ እየጠቀለለችው ነው፤ በየመሐሉ ስለዚያ ስፌት ለዋፊቃ ስታማኝ እሰማለሁ። ነገ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ።